አባቴ ሜላኖማ አለባቸው፤ ተከላካይ ሴሎቹ ዕጢው ውስጥ ካሉ ለምን አይገድሉትም?

የጎንደሯ (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

አባቴ ባለፈው ዓመት ከጎንደር እኔ ጋ መጡ። ሲመጡ ግራ እግራቸውን ያነክሱ ነበር። ስጠይቃቸው "ጫማው ጠቦኝ ነው" ይላሉ። አንድ ማታ እግራቸውን ላጥባቸው ብዬ ሳነሳው ተረከዛቸው ላይ ጥቁር ነገር አየሁ። ዳሩ የተዛነፈ፣ መሐሉ ያበጠ፣ ሲነኩት የሚያዥ። አገር ቤት ሳሉ አንድ ክሊኒክ ኪንታሮት ነው ብሎ ቅባት ሰጥቷቸዋል። እሱን ሲቀቡ ነው የከረሙት። እዚህ ናሙና ተወሰደና ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር መሆኑ ታወቀ። አክራል የሚሉት፣ ውስጥ እግርና መዳፍ ላይ የሚወጣው ዓይነት ነው። ብሽሽታቸው ላይ ወዳለው ንፍፊትም ደርሷል። ከዚያ ያለፈ ነገር እስካሁን አልታየም፤ ተመስገን።

የፓቶሎጂው (የናሙናው ምርመራ) ወረቀት ላይ አንዲት መስመር አለች። ከሷ መላቀቅ አቃተኝ። "ዕጢው ውስጥ የገቡ ሊምፎሳይቶች፦ አሉ፤ ኖን-ብሪስክ" ትላለች። ሐኪሟ ጥሩ ሰው ናት። ግን ቀጠሮው አጭር ነው፤ እኔ ደግሞ ለአባዬ ስተረጉም የራሴን ጥያቄ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ሊምፎሳይት በሽታ የሚከላከል ነጭ የደም ሴል ነው አሉኝ። ታዲያ ገብተው ሳለ ምን እየሠሩ ነው? ካንሰሩን አያዩትም? ደግሞስ የሚሰጣቸው መድኃኒት ካንሰሩን በቀጥታ አይገድልም፣ የራሳቸውን ሴሎች ነው የሚያነቃው ይላሉ። ሰባ ያለፈ ሰው ሴሎች ይነቃሉ? ሌላው፣ መድኃኒቱ ከቀዶ ጥገናው ሊቀድም ይችላል ተብለናል። አባዬ "ቆርጠው ይጣሉልኝ እንጂ ምን ያስጠብቃቸዋል?" ይላሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም በሆዴ የማስበው እንደሳቸው ነው። የሚያውቅ ካለ በአማርኛ፣ አባዬም እንዲገባቸው አድርጎ ቢያስረዳኝ ውለታው ትልቅ ነው።

ቀይ ቀለም (አምስተርዳም)

እህቴ፣ እግዚአብሔር አባትሽን ይማርልሽ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሥራዬ ፓቶሎጂ ላብራቶሪ ነው። ናሙናውን በስሱ እንቆርጣለን፣ ቀለም እንነክራለን፣ ለፓቶሎጂስቱ እናቀርባለን። የሕክምናውን ውሳኔ ከሐኪሟ ጋር ጨርሺ። ያቺ መስመር ግን በየቀኑ ዓይኔ ሥር የምትውል ስለሆነች ስለሷ ልንገርሽ።

የሜላኖማ ቁራጭ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ መጀመሪያ የሚታዩት የካንሰር ሴሎቹ ናቸው። ትልልቅ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ቡናማ ቅንጣት ይዘዋል። ሊምፎሳይቶቹ ደግሞ በጣም ትንንሽ፣ ክብ፣ ድፍን ያሉ ሰማያዊ ነጠብጣቦች ናቸው። ከመካከላቸው ገዳዮቹን ቲ ሴሎች ለይተን ማየት ስንፈልግ ሲዲ8 የሚባለውን ምልክታቸውን የሚይዝ ፀረ-አካል እንጨምራለን። በሌላ ካንሰር ላይ ምልክቱ በቡናማ ቀለም ይወጣል። ሜላኖማ ላይ ግን የቆዳው የራሱ ቀለም፣ ሜላኒኑ፣ ቡናማ ነው። ሁለቱ ይምታታሉ። ስለዚህ ቀይ እንጠቀማለን። ስሜንም ከዚያ ነው ያወጣሁት። ቀዩ ወጥቶ ሲደርቅ ማን የት እንደቆመ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አንዳንዱ ዕጢ ላይ ቀዩ ከዳር እስከ ዳር ተዘርቷል፣ ወይም የዕጢውን ሥር ሙሉውን ይዞታል። ብሪስክ የሚባለው ይሄ ነው። አንዳንዱ ላይ እዚህ ጥቂት፣ እዚያ ጥቂት ሆኖ መሐሉ ባዶ ነው። የአባትሽ ኖን-ብሪስክ ይሄ ነው። አንዳንዱ ላይ ጨርሶ የለም። ወይም ዙሪያውን ብቻ ተኮልኩለው አንድም ሴል ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ከአጥር ውጭ የቆመ ዘበኛ ቤት የገባውን ሌባ አይዝምና ይሄኛውም እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። አከፋፈሉን ያወጣው ዋላስ ክላርክ የሚባል አሜሪካዊ ፓቶሎጂስት ሲሆን፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሜላኖማቸው ውስጥ ብዙ ሊምፎሳይት የገባላቸው ሰዎች ረዘም ያለ ዕድሜ እንደሚኖሩ አሳየ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ስለዚህ ኖን-ብሪስክ መካከለኛ ነው። የሞት ፍርድ አድርገሽ አታንብቢው።

አሁን ወደ ዋናው። ገብተው ሳለ ለምን አይገድሉም?

አንደኛ ነገር፣ የገባው ሁሉ ካንሰሩን አያውቅም። አንድ ቲ ሴል የሚያውቀው አንድ የተለየ የፕሮቲን ቁራጭ ነው። ዕጢ ውስጥ ከሚገኙት ብዙዎቹ ኢንፍሉዌንዛን ወይም ሰውየው ድሮ የያዘውን ሌላ ቫይረስ የሚያውቁ ሆነው ይገኛሉ። እዚያ ቦታ ብግነት ስላለ በደም ተስበው የመጡ ናቸው። ካንሰሩ አጠገባቸው ቢሆንም አይለዩትም።

የሚያውቁትም አሉ። የሜላኖማ ሴል ሜላን-ኤ እና ታይሮሲኔዝ የሚባሉ፣ ለቆዳ ቀለም ሥራ የሚያገለግሉ ፕሮቲኖች አሉት። የነዚህን ቁራጭ ሲያዩ ይመታሉ። በሚውቴሽን (በጂን ለውጥ) ምክንያት የተለወጠ ፕሮቲን ሲያገኙ ደግሞ ይበልጥ ይመታሉ። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቲ ሴሉ ሲመታ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል መልእክተኛ ፕሮቲን ይረጫል። የካንሰሩ ሴል ይህን ሲያገኝ ፒዲ-ኤል1 የተባለ ፕሮቲን ገጹ ላይ ያወጣል። ቲ ሴሉ ላይ ደግሞ ፒዲ-1 የሚባል ተቀባይ አለ። ሁለቱ ሲነካኩ ቲ ሴሉ ረግቦ ይቆማል። ይሄን ልጓም ካንሰሩ አልፈጠረውም። ተከላካይ ሴሎቻችን የገዛ አካላችንን እንዳይበሉ ከተፈጥሮ የተሰጠን ነው። ካንሰሩ ተጠቀመበት።

ስላይድ (ናሙናው የሚለጠፍበት መስታወት) ላይ ይሄን በዓይንሽ ታይዋለሽ። ፒዲ-ኤል1 በብዛት የሚወጣው ቲ ሴሎቹ ያሉበት ዳር ላይ ነው። እነሱ የሌሉበት መሐል ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚነካኝ ይሄ ነው። መከላከያው የቆመው ምት በደረሰበት ቦታ ነው፤ እነዚያ ሴሎች ሥራቸውን ጀምረው ነበር ማለት ነው።

ምቱም ልጓሙም ለወራት ሲቀጥል ቲ ሴሉ ይዝላል። ፒዲ-1 ብቻ ሳይሆን ላግ-3፣ ቲም-3 የሚባሉ ሌሎች ልጓሞችም ይደራረቡበታል። አለ፣ ያያል፣ ግን አይገድልም። አጠገቡ ደግሞ የማረጋጋት ሥራ ያላቸው ሌሎች ቲ ሴሎች አሉ። በላተኞቹ ማክሮፋጆችም አሉ። እነዚህ ጤነኛ ቦታ ላይ የሞተ ሴልና ባክቴሪያ ይጠርጋሉ። ዕጢ ውስጥ ግን ብዙዎቹ ወገን ለውጠው የደም ሥር እንዲበቅል ያግዛሉ፣ ቲ ሴሉን ያዳክማሉ። ሜላኒን ጠግበው፣ ሆዳቸው በጥቁር ቡናማ ቅንጣት ተነፍቶ ስላይድ ላይ ተጎልተው አያቸዋለሁ። ጀማሪ ሰው የካንሰር ሴል ይመስሉታል።

መድኃኒቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ፔምብሮሊዙማብ እና ኒቮሉማብ ፒዲ-1ን ይሸፍናሉ፤ ልጓሙ አይያዝም። ሁለቱም አሜሪካ ውስጥ የተፈቀዱት በ2014 ነው። ከነሱ በፊት በ2011 ሲቲኤልኤ-4 የሚባለውን ሌላ ልጓም የሚሸፍነው ኢፒሊሙማብ መጥቶ ነበር። ጄምስ አሊሰን እና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 ኖቤል የተሸለሙት በነዚህ ሁለት ልጓሞች ነው። በአንድ ትልቅ ጥናት የተሰራጨ ሜላኖማ ኖሯቸው ኒቮሉማብንና ኢፒሊሙማብን አንድ ላይ ከወሰዱት ውስጥ ከ10 ዓመት በኋላ 43 ከመቶው በሕይወት ነበሩ። ከ2011 በፊት እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ ዓመት አይሞላም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። መድኃኒቱ ጨርሶ የዛለውን ሴል አይደለም በዋናነት የሚያነሳው። ገና የመራባት አቅም ያላቸው ጥቂት ቲ ሴሎች አሉ፤ ቲሲኤፍ-1 በሚባል ፕሮቲን ይለያሉ። ልጓሙ ሲነሳ የሚባዙት እነሱ ናቸው፤ ልጆቻቸው ናቸው የሚገድሉት። ስለዚህ ወሳኙ ብዛታቸው ብቻ አይደለም፤ እነዚህ መኖራቸው ጭምር ነው። ያቺ መስመር ደግሞ ይህን አትናገርም።

የጎንደሯ (ሜሪላንድ)

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ለአባዬ ቁጭ ብዬ አነበብኩላቸው። "እንግዲህ ታግለዋል ማለት ነው" አሉ። ከዚያ ብዙ አልተናገሩም፤ ግን ያን ቀን ራታቸውን በሉ።

የዕድሜው ነገርና የቀዶ ጥገናው ቅደም ተከተል ግን ገና አልጠራልኝም። አንድ ሌላም አለ። ቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ሴት ይሄንኑ መድኃኒት ሲወስዱ ፊታቸውና እጃቸው ላይ ለምጽ ወጣባቸው። አባዬ ይህን ሰምተው "ለምጻም ሆኜ አገሬ አልገባም" ብለዋል። ምን ልበላቸው?

ነርስ ነኝ (ዳላስ)

የኔ እህት፣ ይህን መድኃኒት በየቀኑ የምሰጥ ነርስ ነኝ። ለምጹን እኔ ልመልስልሽ።

ከላይ ወንድማችን ሜላን-ኤ፣ ታይሮሲኔዝ ያላቸውን አይተሻል። እነዚህ ፕሮቲኖች ጤነኛው የቆዳ ቀለም ሴል ውስጥም አሉ። ቲ ሴሎቹ ሲነቁ ካንሰሩን ብቻ ለይተው አይመቱም፤ ጤነኛውንም ቀለም ሠሪ ይነካሉ። ቆዳው የሚነጣው ለዚህ ነው። አይጋባም፣ የሥጋ ደዌ አይደለም፣ የውስጥ አካል አይጎዳም። ሜላኖማ ላለበት ሰው ደግሞ ለምጽ የወጣባቸው በአማካይ ካልወጣባቸው ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚኖሩ በተደጋጋሚ ታይቷል። ለሁሉም አይወጣም፤ ካልወጣም መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። ለአባትሽ "ከወጣ ሴሎችዎ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው" በያቸው። ጥቁር ቆዳ ላይ ጎልቶ እንደሚታይና እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ሐዘናቸውን አታቃልዪባቸው።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የነቁት ሴሎች አንጀትን፣ ሳንባን፣ ጉበትን፣ ታይሮይድን ሊያጠቁ ይችላሉ። መድኃኒቱ በተጀመረ በሳምንታት ወይም በወራት፣ አንዳንዴ ካቆሙም በኋላ ይመጣል። የኛ አባቶች ደግሞ ተቅማጥ ያዘኝ ብለው ለሴት ልጃቸው አይናገሩም። አንድ አባት ነበሩ፤ ጾም ስለሆነ ነው፣ ሽሮው ነው እያሉ ደብቀው ሰውነታቸው ደርቆ ነው የደረሱልን። እባክሽ ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ ተነጋገሩ። ስንት ጊዜ ሽንት ቤት እንደተቀመጡ ጠይቂያቸው። አዲስ ሳል፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ከባድ ድካም፣ የዓይን ቢጫ መሆን ካለ በዚያው ቀን ደውይ። ድንገተኛ ክፍል ከገቡ "ኬሞ ነው የሚወስዱት" እንዳትዪ፤ ኢሚዩኖቴራፒ (የራስን ተከላካይ ሴሎች የሚያነቃ ሕክምና) ነው በይ፤ አያያዙ ይለያል። የሚሰጥሽን ካርድ ቦርሳቸው ውስጥ ክተቺ። ፌጦም ሆነ ጥቁር አዝሙድ፣ ማንኛውንም የቤት መድኃኒት ከሰጠሻቸው ለሐኪሟ ንገሪ፤ አትፈሪ፣ ማንም አይቆጣሽም።

ስለ ዕድሜ፣ የቀድሞውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርን አንሺላቸው። ጎንደር የኖረ ሰው የካርተር ማዕከል አማራ ክልል ውስጥ በትራኮማ ላይ የሠራውን ሳይሰማ አይቀርም። በ2015 ሜላኖማው ጉበታቸውና አንጎላቸው ላይ ሲገኝ 90 ዓመታቸው ነበር። ቀዶ ጥገና፣ ጨረርና ፔምብሮሊዙማብ ወሰዱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ምርመራው ካንሰር አላሳየም። ያረፉት በ2024 ነው፣ በ100 ዓመታቸው። የአንዱ ለሌላው ዋስትና ባይሆንም፣ ዕድሜ ብቻውን ከዚህ ሕክምና አይከለክልም።

ውስጥ እግር (አዲስ አበባ)

የቆዳ ሐኪም ነኝ። ለአንባቢው ሁሉ አንድ ነገር ላስገባ፤ ይህ ታሪክ እዚህ በየጊዜው የማየው ነው።

ጥቁር ሰው ሜላኖማ አይይዘውም የሚል ወሬ አለ። ፀሐይ የምታመጣው ዓይነት እኛ ላይ ብርቅ ነው፣ እውነት ነው። ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር የሚወጣው ግን በጥቁር ሰው ላይ በብዛት የሚታየው ዓይነት እሱ ነው፤ ከፀሐይም ጋር አይገናኝም። ቦብ ማርሌይ በእግሩ ጣት ላይ የታወቀበት በ1977 ነበር፤ በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ። እሾህ ወጋኝ፣ ጫማ ፋቀኝ፣ ኪንታሮት ነው እየተባለ ጊዜ ይበላል። ውስጥ እግር ላይ እያደገ የሚሄድ ጥቁር ምልክት፣ ወይም ጥፍር ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የሚወርድና እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር ካያችሁ ቅባት አትቀበሉ። ናሙና ይወሰድ በሉ። በየቤቱ ያሉ አባቶችና እናቶች እግር ይታይ።

ቀይ ቀለም (አምስተርዳም)

ነርሷ በደንብ መለሰችው። እኔ የቀዶ ጥገናውን ላንሳ።

"ቆርጠው ይጣሉልኝ" ማለታቸው ትክክለኛ ስሜት ነው። ዕጢ ይዞ መቀመጥ ማንንም ያስጨንቃል። ግን አስቢው፤ ካንሰሩን የሚያውቁት ቲ ሴሎች በብዛት ያሉት የት ነው? ዕጢው ውስጥና አጠገቡ ባለው ንፍፊት ውስጥ። መጀመሪያ ከተቆረጠ እነሱም አብረው ይወጣሉ፤ መድኃኒቱ ቀስቅሶ የሚያራባው ጥቂት ይሆናል። መድኃኒቱ ከቀደመ ግን የካንሰሩ ሴል ሲሞት ቁርጥራጩን ዴንድራይቲክ የሚባሉ ሴሎች ተሸክመው ወደ ንፍፊት ይወስዳሉ። እዚያ ለአዳዲስ ቲ ሴሎች ያሳያሉ። ብዙ ዓይነት፣ ብዙ ቁጥር ያለው ቲ ሴል ይወጣል። ከዚያ ቀዶ ጥገናው ይከተላል።

ይህ በሰው ላይ ተፈትኗል። በ2023 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ፔምብሮሊዙማብን ከቀዶ ጥገና በፊትም በኋላም የወሰዱትን፣ በኋላ ብቻ ከወሰዱት ጋር አነጻጸረ። በሁለት ዓመት በሽታው ሳያገረሽ ወይም ሳይብስ የቆየው ከቀደሙት 72 ከመቶ፣ ከሌሎቹ 49 ከመቶ ነበር። መድኃኒቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። በ2024 ደግሞ ከዚህ ከኔዘርላንድስ የተመራው ናዲና የሚባለው ጥናት ከቀዶ ጥገና በፊት ኢፒሊሙማብንና ኒቮሉማብን አንድ ላይ ሰጥቶ ተመሳሳይ ነገር አሳየ። መድኃኒቱ ቀድሞ ተሰጥቶ ከዚያ የተቆረጠ ንፍፊት እኛ ጋ ሲመጣ አይቻለሁ። አንዳንዱ ውስጥ አንድ ሕያው የካንሰር ሴል አይገኝም። የሚታየው ጠባሳ፣ የተጣለ ሜላኒን የሞላቸው ማክሮፋጆችና በየቦታው የተኮለኮለ ሊምፎሳይት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ስላይድ ሲያጋጥመኝ ባልደረቦቼን እጠራለሁ።

አሁን የሚከብደውን ልንገርሽ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው። አክራል ሜላኖማ ለነዚህ መድኃኒቶች ፀሐይ ከምታመጣው ያነሰ ነው የሚመልሰው። ምክንያቱ ይገባል። ፀሐይ የሴሉን ዲኤንኤ እጅግ ብዙ ቦታ ትለውጠዋለች፤ ቲ ሴሎቹ ባዕድ ብለው የሚይዙት ብዙ ይሆናል። አክራሉ ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ ጥቂት ነው። ክሮሞሶሙ ነው በትልልቁ የሚሰባበረውና የሚባዛው። ስለዚህ የሚታይ ባዕድ ነገር ያንሳል፣ የሚገባውም ቲ ሴል ብዙ ጊዜ ያንሳል። ያንሳል እንጂ አይቀርም። የሚመልስላቸው አሉ። የአባትሽ ዕጢ ውስጥ ደግሞ ጥቂትም ቢሆኑ ገብተዋል፤ ባዶ ከሆነው ይሻላል።

ቲ ሴል ከዕጢው አውጥቶ፣ ላብራቶሪ ውስጥ በቢሊዮን አራብቶ መልሶ መስጠትም አለ። ስቲቨን ሮዘንበርግ አሜሪካ ውስጥ ሜላኖማ ላይ መሥራቱን በ1988 አሳየ፤ በ2024 ሊፊሉሴል በሚል ስም ተፈቀደ። ከ10 ሰው ሦስት ገደማ ላይ ዕጢውን ያሳንሳል። ግን ከሱ በፊት ከባድ ኬሞ፣ ከሱ በኋላ ቲ ሴሎቹን የሚያነሳሳ ኢንተርሉኪን-2 የሚባል ከባድ መድኃኒት አለው። ለአባትሽ አሁን የሚነሳ አይደለም፤ መኖሩን ብቻ እወቂ።

የጎንደሯ (ሜሪላንድ)

ገባኝ። ለአባዬም ገባቸው መሰለኝ፤ "እንግዲህ መጀመሪያ ይቀስቅሷቸው" ብለዋል። ማክሰኞ ሐኪሟ ጋ እንገባለን። ከዚያ በፊት ወረቀቱ ላይ የምፈልገው ነገር ካለ ንገረኝ።

ቀይ ቀለም (አምስተርዳም)

ሁለት ስም ፈልጊ። ብራፍ (BRAF) እና ኪት (KIT)። በዕጢው የጂን ምርመራ ተለውጠው እንደሆነ የሚታዩ ጂኖች ናቸው። የብራፍ ለውጥ አክራል ላይ ከሌላው ሜላኖማ ያነሰ ነው የሚገኘው፤ ከተገኘ ግን በእንክብል የሚሰጥ መድኃኒት አለው። ኪት በተቃራኒው አክራል ላይ በዛ ይላል። ከተገኘ ኢማቲኒብ የሚባለው እንክብል ለአንዳንዶቹ ይሠራል፤ ኢሚዩኖቴራፒው ባይዝ ሁለተኛ መንገድ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ብራፍ ብቻ ታይቶ ኪት ይቀራል። ወረቀቱ ላይ ከሌለ ማክሰኞ በስሙ ጠርተሽ ጠይቂ። አባትሽ ለዚህ ብለው ዳግመኛ አይቆረጡም፤ የመጀመሪያው ናሙና በሰም ብሎክ ላብራቶሪው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ከሱ ላይ ጥቂት ስስ ቁራጭ ይበቃል።